ነበልባሉን አይተናል፣ ውሃውንም አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ድሬዳዋ፣ ሐምሌ

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ስር ከሚያዞር ልጅ እየገዛሁ ለዓመታት አንብቤያለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዕር ያስነሳኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያወጣችሁት ፎቶ ነው። አንድ ወጣት መድረክ ላይ ቆሞ የሚንቀለቀል መቶ ብር በሁለት ጣቱ ይዟል። ከስሩ «እሳት የማይደፍረው ወጣት» ብላችኋል። ብሩ እንዳልተቃጠለ ጽፋችኋል። እጁ እንዳልተነካም ጽፋችኋል። ሕዝቡ «በምን ኃይል ነው?» ብሎ መገረሙንም አልረሳችሁም። መልሱን ግን አልጻፋችሁም።

መልሱ ውሃ ነው። ይህን አንድ ቃል ሳይጽፉ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ልንገራችሁ። ያን ዕለት ጋዜጣችሁን የገዛሁት ከዚራ አልነበረም። ሆስፒታል በር ላይ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ሙያዬ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለኬሚስትሪ ትምህርት ዕቃ አዘጋጃለሁ። ቢከር አጥባለሁ፣ ኬሚካል እመዝናለሁ፣ መደርደሪያ እቆልፋለሁ። ይህን ሥራ 19 ዓመት ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ መድረኩ ላይ የተደረገውን ሳየው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ፎቶው የተነሳበት ዕለት ነገሩ እንዲህ ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት የዓመቱን መዝጊያ አከበረ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ክስ ለመመሥረት አይደለም የምጽፈው። የድሬን ሰኔ ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ሙቀት ነው። ከሦስት ማራገቢያ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው። መስኮቶቹን ደግሞ ለትርኢቱ ብለው በመጋረጃ ሸፍነዋቸዋል። ወላጆች በጋዜጣ ያራግባሉ። ልጆቹ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ስሙን ስለማልጽፍ ቤት በምንጠራበት አቡሽ ልበለው፤ 11 ዓመቱ ነው። አቡሽ ወለል ላይ አልቀመጥም ብሎ እኔ ጭን ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ማጂሽያኑ መጣ። ከወላጆች መቶ ብር ለመነ። አንድ አባት አወጡለት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሃን አለች። ብሩን እሷ ውስጥ ነከር አደረገና በጣቶቹ አወጣው። ይህን ሲያደርግ ስለ አያቱ እያወራ ነበር። አያቴ እሳትን ያዝዙ ነበር ይላል። ሁሉም ሰው ፊቱን ነው የሚያየው። እኔ የሙያ ነገር ሆኖብኝ እጁን አየሁ። ከብሩ ጫፍ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ላይተሩን ለኮሰ። ብሩ ከላይ እስከ ታች በቢጫ ነበልባል ተሸፈነ። አዳራሹ «ውይ!» አለ። ነበልባሉ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ሞተ። ብሩ ደህና ነው። ባለቤቱ ተቀበሉት፣ በብርሃን አዩት፣ እየሳቁ ኪሳቸው ከተቱት።

ቀጥሎ ቢላ አወጣ። መዳፉን ሰነጠቀው። ደም ቦይ ሠርቶ ወረደ። አጠገቤ ያለች እናት «በስመአብ!» አለች። ከኋላዬ አንዷ «ያ አላህ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እሱ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርገው መዳፉ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

አቡሽ ክንዴን ይዞ «አክስቴ፣ እንዴት ነው ያደረገው?» አለኝ። «ቤት ስንገባ እነግርሃለሁ» አልኩት። ቤት ስንገባ እንግዳ ነበር። ቡና ተፈላ። ረሳሁት። አቡሽ ግን አልረሳውም።

ሦስት ቀን ቆየ። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እናቱ ታይዋን ገበያ ሄዳለች። አቡሽ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳቢያን ያለው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር ከመደርደሪያ አወረደ። ዝልግልግ የሚለው ዓይነት ነው። አንድ አሥር ብር አዘጋጀ። ብሩን ቀባ። የማጂሽያኑ እጅ እርጥብ እንደነበር ስላየ የራሱንም እጅ ቀባ። ይህን ሲነግረኝ ነው የሰውነቴ ፀጉር የቆመው፤ ልጁ በደንብ አስተውሎ ነበር። ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ነው የደገመው። ያላየው ያልታየውን ብቻ ነው።

ክብሪት ጫረና አስጠጋ። ምንም አልታየውም። «አልያዘም» አለ። ጠርሙሱን አንስቶ እንደገና ጨመረበት።

ይዞ ነበር። የንጹሕ አልኮል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። በጨለማ አዳራሽ ቢሆን ይታይ ነበር። በድሬ የቀትር ፀሐይ ግን ዓይን አያየውም። ልጁ የጨመረው በሚነድ እሳት ላይ ነው። እሳቱ በፈሳሹ ላይ ወደ ጠርሙሱ አፍ ወጣ። ጠርሙሱን ሲወረውር ዝልግልጉ ክንዱ ላይ ተረጨ፣ እዚያም ተጣብቆ ነደደ።

ያዳነችው ጎረቤት ናት። በሩ ላይ ልብስ እያጠበች ነበር። ጩኸት ስትሰማ የማለቅለቂያውን ውሃ ከነሳፋው አንስታ ደፋችበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደፋችው፣ በቃ። አልኮል ከውሃ ጋር ይዋሃዳል። ውሃው ሲበዛበት የሚነድ ትነት ማውጣት ያቅተዋል። ላምባ ቢሆን ኖሮ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይፈስ ነበር። እሷ ይህን አስባ አይደለም፣ እጇ ላይ የነበረው ውሃ ነው። እግዚአብሔር ይስጣት።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው ልግባ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ለአቡሽ የነገርኩትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ። ማዘግየቴ ይቅር ይባልልኝ።

ሰሃኗ ውስጥ የነበረው አልኮል ብቻ አይደለም፣ ብዙ ውሃ አለው። ልኩን አልጽፍም፣ ሰው እንዲሞክረው አልፈልግም። ብሩ ሲነከር ወረቀቱ ውሃውንም አልኮሉንም ይጠጣል። እሳት ሲጠጋ መጀመሪያ የሚተነው አልኮሉ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ አልኮል 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ውሃ ደግሞ 100 ላይ። የአልኮሉ ትነት ከወረቀቱ ወጥቶ ከአየር ጋር ይገናኛል። የሚነደው እዚያ፣ ከወረቀቱ ውጭ ነው። ተመልካች ብሩ እየነደደ ነው ይላል። የሚነደው ብሩን የከበበው የአልኮል ትነት ነው። ብሩ መሐል ላይ እርጥብ ሆኖ ተቀምጧል።

እርጥብ እንጨት ያስለቀሳት ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። እርጥብ እንጨት የማይነደው እሳቱን ስለጠላ አይደለም። ሙቀቱን ሁሉ ውሃው ስለሚወስደው ነው። ወጥም የሚያርረው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት ብዙ አያልፍም። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ሐረር ከፍ ስለምትል ወደ 94 ይወርዳል። ወረቀት ለመያዝ ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እርጥብ ብር እዚያ ሙቀት ላይ የሚደርስበት መንገድ የለውም፤ በመጀመሪያ ውሃው ተንኖ ማለቅ አለበት።

ውሃን ማትነን ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ ግራም ውሃ ከ30 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ወደ 280 ጁል (የሙቀት ጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃዋል። ያንኑ አንድ ግራም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,260 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ጀበናው ቶሎ ይፈላል፣ ባዶ እስኪሆን ግን ብዙ ከሰል ይበላል። ማጂሽያኑ የሚተማመነው በዚህ ነው። አልኮሉ ነዶ ሲያልቅ ውሃው ገና አላለቀም። ነበልባሉ «በራሱ» የሞተው ለዚህ ነው።

ሳኒታይዘሩ ላይ ምን ተፈጠረ? የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ጊዜ በየቦታው እንዲዘጋጅ ያሰራጨው የእጅ ማጽጃ ውህድ ከ10 እጅ 8 እጁ ኤታኖል የሚባለው አልኮል ነው። የሱቁም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጀርም የሚገድለው አልኮሉ ስለሆነ መብዛት አለበት። ውሃው ግን የቀረችው ጥቂት ናት። እጅ የምታድን ውሃ የለችም። ዝልግልግ ሲሆን ደግሞ አይፈስም፣ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ይነድዳል። ከመድረኩ ሰሃን ጋር ሲያዩት ያው ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ሽታቸውም አንድ ነው። የ11 ዓመት ልጅ በምን ይለያቸው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ እኛ ከተማ ነው። ፈሳሽ አልኮል ራሱ አይነድም፣ የሚነደው ትነቱ ነው። ትነቱ ለመያዝ በቂ የሚሆንበት የሙቀት ልክ አለ። 40 ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ይህ ልኩ ወደ 26 ዲግሪ ነው። ደጋ ላይ በብርድ ጠዋት ክብሪት ብታስጠጉበት እንቢ ሊል ይችላል። ድሬ ላይ ግን መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ከዚያ ልክ አልፏል። ጠንከር ያለው አልኮልማ ልኩ 20 ዲግሪም አይሞላም። እዚህ አብዛኛውን ዓመት ሌሊትም ቀንም ዝግጁ ነው ማለት ነው። የአልኮል ትነት ከአየር ይከብዳል፣ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ። ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። በየቤታችን ደግሞ ወለል ላይ የሚቀመጠው ምንድነው? የቡና ከሰል ነው። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ሌላ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ እዚህ ሲደግመው፣ የሚደግመው በሌላ አየር ውስጥ መሆኑን ማንም አይነግረውም።

የመድረኩ ነበልባል ለምን ቢጫ ሆነ? ጨው ነው። ሰሃኗ ውስጥ ትንሽ የገበታ ጨው ይጨመራል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እሳት ሲነካው ደማቅ ቢጫ ያበራል። ሽሮ ገንፍሎ ቡታጋዝ ላይ ሲፈስ ሰማያዊው እሳት ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ነው። ማጂሽያኑ ጨው የጨመረው ለውበት ነው። ግን ሳያስበው ለራሱም ጠቅሞታል፣ እሳቱ የት እንዳለ ያያል። አቡሽ ጨው አልነበረውም።

በልጅነት ወይም በድንቁርና የሆነ ነው የሚል ካለ ይህን ይስማ። በፈረንጆቹ 2014 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መምህር ክፍል ውስጥ የተለያየ ቀለም ያለው ነበልባል ለተማሪዎች ሲያሳይ ሜታኖል የሚባል አልኮል እሳት ላይ ጨመረ። እሳቱ ዘሎ ተማሪ አቃጠለ። በዚያው ዓመት ሌላ ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ያ ትዕይንት ክፍል ውስጥ ክፍት ጠረጴዛ ላይ መሠራቱ እንዲቀር መከረ። ያ መምህር የተማረ ሰው ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው ያለው። ጥፋቱ የአቡሽ ጥፋት ነው፤ በማይታይ ወይም የጠፋ በሚመስል እሳት ላይ ከጠርሙስ ጨመረ።

ደሙን በአጭሩ ልናገር። ደም አይደለም። መዳፉ ላይ አንድ ፈሳሽ፣ ቢላው ላይ ሌላ ፈሳሽ ተቀብቷል። አንዱ ብረት ያለበት ፌሪክ ክሎራይድ፣ ሌላው ታዮሳያኔት የሚባል ጨው ነው። ለየብቻ ከሩቅ ውሃ ይመስላሉ። ሲነካኩ ግን ወዲያው ደም የመሰለ ቀይ ይሆናሉ። እኔ መደርደሪያ ላይ ሁለቱም አሉ። ተማሪዎቻችን ኢክዊሊብሪየም (የኬሚካል ሚዛን) ሲማሩ የምናዘጋጅላቸው እነሱን ነው። በጣም ትንሽ ብረት እንኳ ቢኖር ያ ቀይ ቀለም ይወጣል። ቢላውም ደነዝ ነው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን እውነተኛው ደማችንም ቀለሙን በሚሰጠው ሄሞግሎቢን ውስጥ ብረት መኖሩ ነው። መድረኩ ላይ ሲፈስ ያየሁት የውሸት ደም ከእውነተኛው ጋር አንድ ዘመድነት አለው። ይህን ለልጆቹ ቢነግራቸው ትርኢቱ ምኑ ይጎድል ነበር?

ጋዜጣችሁ «ኃይል» አለ። የአዳራሹም ሰው «አስማት» ሲል ሰምቻለሁ። አስማት ቃሉ ከግዕዝ ነው፣ ስሞች ማለት ነው። በተጠሩ ስሞች የሚሠራ ነገር ነው ሰው የሚያስበው። መድረክ ላይ ያየነው ግን የማንንም ስም አይፈልግም። ምትሃት ብንለው ይሻላል፣ የዓይን ነገር ነው። ሮበርት ሁዳን የሚባል ዝነኛ ፈረንሳዊ ማጂሽያን ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄሪያ ላከው፣ ሕዝቡ በእሱ ኃይል እንዲፈራ ተብሎ። ጠንካራ ሰው ሊያነሳው የማይችል ሳጥን አሳየ። ከመድረኩ ስር ኤሌክትሮማግኔት ነበር። የሄደበት ዓላማ ቅኝ ገዥነት ነው፣ አልወደውም። ግን እሱ እንኳ ከትርኢቱ በኋላ ሥራው ጥበብ እንጂ ጥንቆላ አለመሆኑ በአስተርጓሚዎች በኩል ለሕዝቡ እንዲነገር ተደርጓል። እኛ ለገዛ ልጆቻችን ያንን ነፈግናቸው።

ስለ ላምባ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። በበዓል ሰሞን አደባባይ ላይ ላምባ በአፋቸው ይዘው እሳት የሚተፉ ልጆች አይቻለሁ። ከእሳቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ላምባው ነው። ላምባ ቀጭን ነው። ሲስቁ ወይም ሲስሉ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ይገባል። ሳንባን ያቆስላል። ሐኪሞች እሳት ተፊዎች ላይ የሚያዩት ራሱን የቻለ የሳንባ ምች አለ። ላምባ የዋጠ ልጅ ካለ በምንም ዓይነት አታስመልሱት። ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሩጡ።

ለቃጠሎም እንዲሁ። አቡሽን ሆስፒታል ስናደርሰው ክንዱ ነጭ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ አዝኖለት የጥርስ ሳሙና ቀብቶታል። ነርሷ እየጠረገች እሱ ሲጮህ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ከቃጠሎው ይልቅ ያ ጩኸት ነው ሌሊት የሚመጣብኝ። እባካችሁ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ዕንቁላል አትቀቡ። ሙቀቱን ውስጥ አፍነው ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። የሚሠራው ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ ነው፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። በረዶ አይደለም። ቧንቧው ውሃ ከሌለው፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ከጀሪካን በጣሳ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ያበጠውን ውሃ አታፍርጡ። ልብስ እሳት ከያዘው አትሩጡ፤ መሬት ላይ ተኝቶ መንከባለል፣ ወይም በጋቢ ጠቅልሎ ማፈን ነው።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ከባድ አይደለም። እንዲህ ያለ ፎቶ ስታወጡ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ጠይቁ። ድሬ ውስጥ መምህር ሞልቷል፣ ስልክ ብትደውሉ የማይመልስላችሁ የለም። ከፎቶው ስር ሁለት መስመር ይበቃል። ብሩ በውሃ ተነክሯል፣ ቤት ውስጥ አይሞከርም፣ በቃ። ትምህርት ቤቶችም እሳት ያለበትን ትርኢት ከመፍቀዳቸው በፊት ሰሃን ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቁ። አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ብርድ ልብስ መድረክ ጥግ ይቀመጥ። ያን ቀን ሁለቱም አልነበሩም። የእሳት ማጥፊያውን ፈልጌ አይቻለሁ፣ ከተቆለፈ በር ጀርባ ነበር።

ማጂሽያኑን አፈላልጌ አግኝቼዋለሁ። ልወቅሰው ነበር የሄድኩት። ከዚራ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥን። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። ስለ አቡሽ ስነግረው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ አላነሳውም። «ቲቸር፣ ወላሂ ልጅ ይሞክረዋል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። አንጓው ላይ ሁለት ያረጁ ጠባሳዎች አሉ። እሱም የተማረው ከስልክ ነው። ለእሱም ውሃውን ማንም አልነገረውም፣ ተቃጥሎ ነው ያገኘው። አያቱ እሳት ያዝዙ ነበር የሚለውም የመድረክ ወሬ ነው፤ አያቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ።

ሚስጥሩን ከተናገረ ማን ከፍሎ እንደሚጠራው ጠየቀኝ። እንጀራው ነው፣ ጥያቄው ልክ ነው። እኔም የማውቀውን ነገርኩት። 19 ዓመት ተማሪዎች ፊት ያን ቀይ ቀለም ሳወጣ ኖሬያለሁ። ምን እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬያቸውም «ውይ!» ይላሉ። እንደገና አድርጊው ይሉኛል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ብሩን ይዘህ ልጆቹ ፊት ጭመቀው አልኩት። ከሚነድ ነገር ውሃ ሲወጣ ከማየት በላይ ምን የሚገርም አለ? ዝም ብሎ አሰበበት። «አቦ ቲቸር፣ ይሄ ከእሳቱ ይበልጣል» አለ።

ባለፈው እሑድ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዞ አቡሽን ሊጠይቅ መጣ። አቡሽ መጀመሪያ አላየውም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጁ አልተጫነውም። ከእህቴ አንድ ጎድጓዳ ሰሃን ከነውሃው ለመነ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። ከኪሱ አሥር ብር አውጥቶ ነከረ። ክብሪት የለም፣ ላይተር የለም። ብሩን አነሳና የአቡሽን ደህነኛ እጅ፣ ግራውን፣ ዘረጋው። መዳፉ ላይ ጨመቀለት። አቡሽ ወደ እኛ ዞሮ ጠብታዎቹን መቁጠር ጀመረ። ሰባት ድረስ ቆጠረና «ይሄ ሁሉ ነበረው?» አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የላብራቶሪ ቴክኒሻን
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)